ተሸናፊ ይነሳል

(ይህ ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለወጣቶችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ስጽፈው በተቻለኝ መጠን እንደተናገርኩት ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ እናቶችና አባቶች፣ ቅዳሜን የሚያህል ቀን፣ ስንት ሥራ እያለባችሁ ስለ ጌም ልትሰሙ መምጣታችሁን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የጌም ባለሙያ አይደለሁም። ውድድር ገብቼ አላውቅም። ቀን የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ማታ እራት ከተበላ በኋላ፣ መብራትም ጉልበትም ሲኖር፣ ግማሽ ሰዓት ወይ አንድ ሰዓት እጫወታለሁ። አለቀ። እንደ እኔ የሚጫወት ሰው በየቤቱ ሞልቷል፤ ስለ ጌም ወሬ ሲነሳ ግን የእኛ ነገር አይነሳም። የሚወራው ወይ በጌም ሀብታም ስለሆነ የውጭ ልጅ ነው፣ ወይ በጌም ምክንያት ትምህርቱን ስላቋረጠ የጎረቤት ልጅ። መሃል ላይ ያለነው፣ ተጫውተን፣ ተኝተን፣ ጠዋት ታክሲ ተሰልፈን ሥራ የምንገባው ሰዎች ምን እንደምናስብ የጠየቀን የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ መጣሁ።

የምለው ነገር አንድ ነው። ጥሩ ጨዋታ ያልቃል። ገበጣ ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል። ብይ ኪሳችን ባዶ ሲሆን ያልቃል። ድብብቆሽ ቢበዛ ቢበዛ እናቶቻችን ከየበሩ ስማችንን እስኪጠሩ ነው። አሁን ልጆቻችን እጅ ላይ ያሉት ጨዋታዎች ብዙዎቹ አያልቁም። እንዳያልቁ ተደርገው ነው የተሠሩት። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ከዚህ አይወጣም።

ከፕሌስቴሽን ቤት ልጀምር፤ እኔ የጀመርኩት እዚያ ነውና።

ያደግኩት ጉለሌ ነው። በ1999 ዓ.ም አካባቢ ከቤታችን ሦስት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ፕሌስቴሽን ቤት ነበር። የቆርቆሮ ቤት ነው። በረንዳው ላይ ጆተኒ አለ፣ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌስቴሽን 2፣ ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ አግዳሚ። ብርሃን እንዳይገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ፕሌስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው፤ እስከዛሬ በሽያጭ የበለጠው የጌም ኮንሶል የለም። እኛ ሰፈር የደረሰው ግን እንደዚያ በየቤቱ ተገዝቶ አይደለም። አንዱን ማሽን ሰፈሩ ሁሉ ነበር የሚጫወትበት። በእኔ ግምት በእያንዳንዱ ማሽን ቢያንስ መቶ ልጅ ተጫውቶበታል። እና ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ብቻህን ክፍልህ ውስጥ የምትጫወተውና አስራ አምስት ሰው ከኋላህ ቆሞ እያየህ የምትጫወተው ዲስኩ አንድ ቢሆንም ጨዋታው አንድ አይደለም።

ግድግዳው ላይ በካርቶን የተጻፈ ሕግ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰ አይገባም። መሳደብ ክልክል ነው። ተሸናፊ ይከፍላል። ያልተጻፈው አራተኛው ሕግ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነበር። ተሸናፊ ይነሳል።

ይሄን ሕግ ልብ በሉልኝ። ተሸንፈሃል፣ ብርህን ከፍለሃል፣ አሁን ደግሞ ጆይስቲኩን ለሚቀጥለው ሰጥተህ አግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀመጣለህ። ተራህ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ታያለህ፣ ታወራለህ፣ ትከራከራለህ። ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሊስትሮ፣ የታክሲ ረዳት፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ አንዳንዴም ከሥራ ሲመለስ የሚገባ አናጢ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሌላ ቦታ አንድ ላይ ተቀምጠው አይቼ አላውቅም። ከእኔ በአስር ዓመት የሚበልጥ ሰው አሸንፌ አውቃለሁ፤ ተነስቶ ጆይስቲኩን ሰጠኝ፣ ራሴን ዳበሰኝ፣ ሄደ። የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ ሰው ያን ቀን ስለ መሸነፍ ያሳየኝን ያህል ከዚያ በኋላ ማንም አላሳየኝም።

የምንጫወተው ፔስ 6 ነበር፣ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የኳስ ጌም። ኢንተር ሚላንን መያዝ እኛ ቤት ክልክል ነበር፣ በአጥቂው በአድሪያኖ ምክንያት። የምት ኃይሉ 99 ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር የለም። ከመሃል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ ከመታ በረኛው የሚያደርገው ነገር የለውም። ክልከላውን ጌሙ አላወጣውም፣ እኛ ነን ተስማምተን ያወጣነው። ሊቨርፑል ደግሞ የስም ፈቃድ ስላልነበረው መርሲሳይድ ሬድ ተብሎ ነበር የሚገኘው። አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ በራሳቸው ስም ነበሩ፤ ለእኛ ሰፈር ይሄ ከበቂ በላይ ነበር።

መብራት ሲሄድስ? ይሄም ሕግ ነበረው። ግጥሚያው መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቤቱ በሙሉ አንድ ላይ ይጮሃል። ከዚያ ክርክር ይነሳል፤ ማን ነው የሚከፍለው? የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰውዬ፣ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ከሆነ የሚመራው አሸንፏል፣ ከዚያ በፊት ከሆነ ማንም አይከፍልም ብሎ ፈርዶ ነበር። እኔ ያን ጊዜ በመብራቱ እናደድ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እንደ እናቴ ጥሪና እንደ ኪሴ ብር ሁሉ እሱም ማብቂያ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ወደ ቤትህ ሂድ ይልህ ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ይሄን ክፍል ለመናገር ብዙ አስቤበታለሁ፤ ቀላል አልሆነልኝም።

2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ እንደ ብዙ ሰው እኔም ቤት ተቀመጥኩ። ፐብጂ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ለማታውቁት፣ መቶ ሰው አንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፣ ክቡ እየጠበበ ይሄዳል፣ የመጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። እንደ ጨዋታ ጥሩ ነው፣ ይሄን አልክድም። ከድሮ የሰፈር ልጆች ጋር አራት ሆነን እንገባ ነበር፤ አንዱ ዱባይ ነው፣ አንዱ ሐዋሳ። ያን ጊዜ ድምፃቸውን መስማት ራሱ መድኃኒት ነበር። በዚያ ዓመት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅኩት በዚያ ጌም ነው። ጌም ሁሉ መጥፎ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምነግረው ይሄንን ነው።

ችግሩ የመጣው እነሱ ሲተኙ ነው። ግጥሚያው ያልቃል፣ ጨዋታው ግን አያልቅም። የሚያስነሳህ ሰው የለም። ከኋላህ ተራውን የሚጠብቅ የለም። ተሸነፍክ? ቁልፉን ንካውና ሌላ መቶ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። ዛሬ ከገባህ ሽልማት አለ፣ ነገም ከገባህ የሚበልጥ አለ፣ አንድ ቀን ከዘለልክ ያመልጥሃል። የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ አስር ቀን ቀርቶታል ይልሃል፤ ሲያልቅ ሌላ ይጀመራል። የሌሊት ፓኬጅ እየገዛሁ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የቆየሁባቸው ቀናት ነበሩ፤ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ፣ ስልኩ እጄ ላይ እየጋለ፣ ደስታ እንኳን ሳይሰማኝ፣ ማቆሚያ ስላልነበረው ብቻ።

ሥራ ስንመለስ ልማዱ አብሮኝ ተመለሰ። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ገብቼ የደመወዝ ዝርዝር ስሠራ የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ስም ዘለልኩ። ደመወዝ ሲከፈል የሷ አልገባም። እስኪስተካከል አራት ቀን ፈጀ። የቤት ኪራይ ቀኗ ነበር። መጥታ ምንም ክፉ ነገር አልተናገረችኝም፤ «ሰው አይደለህ እንዴ፣ ይሳሳታል» ነው ያለችኝ። የተሳሳትኩት ለምን እንደሆነ ግን እሷ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ማታውኑ ጌሙን ከስልኬ አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ነው ጌም የሚቆመውና የሚያልቀው የት ጋ ነው ብዬ ማየት የጀመርኩት። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ካንዲ ክራሽን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ እናቶችም ጭምር። አምስት ልብ ይሰጥሃል፤ ስትሸነፍ አንዷ ትሄዳለች። አምስቱ ሲያልቁ መጫወት አትችልም። አንዷ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። ታዲያ ይሄ ማለቅ አይደለም ወይ? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ጋሼ ወደ ቤትህ ሂድ ሲለኝ የእውነት እንድሄድ ነበር። ይሄኛው የሚያሰናብትህ እያሰብከው እንድትቆይና ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ እንድትመለስ፣ መጠበቅ ካቃተህ ደግሞ ከፍለህ እንድትገባ ነው። በሩ ተዘግቷል፣ እጀታው ግን እጅህ ላይ ነው።

ሌላ ምሳሌ ደግሞ ከተቃራኒው ወገን። ቴትሪስን አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው ሞስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ሠራው። ቅርጾቹ ከላይ ይወርዳሉ፣ ትደረድራለህ፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ትሸነፋለህ። ማንም አሸንፎት አያውቅም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የኒንቴንዶውን ቅጂ አንድ የአስራ ሦስት ዓመት አሜሪካዊ ልጅ በ2023 መጨረሻ ላይ ደረጃ 157 ድረስ ወሰደው፣ እዚያ ጋ ፕሮግራሙ ራሱ ቀጥ አለ። ሠላሳ አራት ዓመት መጨረሻ የለውም የተባለ ጨዋታ በአንድ ልጅ እጅ አለቀ። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ልጁ ትንፋሽ አጥሮት ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ሲወድቅ እኔም እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ዓይኔ እንባ ሞላ። የጨረሰ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ይሄንን ይመልከት።

ስለ ሱስ ጥያቄ እንደሚመጣ ስለማውቅ ቶሎ ልበልበት። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም መታወክ የሚለውን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ ውሏል። የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ ሰውየው መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲቀድም፣ ጉዳት እያየበትም ሲቀጥል። ይሄም አብዛኛውን ጊዜ ለአስራ ሁለት ወር ያህል የታየ መሆን አለበት። ስለዚህ ልጃችሁ እሁድ ለሦስት ሰዓት ስለተጫወተ ሱሰኛ አትበሉት። ቃሉ ከባድ ነው፤ ልጅ ላይ ከተለጠፈ አይለቅም።

እኔን ከሰዓቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ገንዘቡ ነው። የኳስ ጌሙ ፊፋ ላይ አልቲሜት ቲም የሚባል ነገር እ.ኤ.አ. በ2009 ገባ። ካርታ የተሞላ ፓኬት በብር ትገዛለህ፣ ውስጡ ማን እንዳለ ግን ሳትከፍተው አታውቅም። ምናልባት ኮከብ ተጫዋች፣ ምናልባት ስሙን የማታውቀው ሰው። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይሄንን አይታ ቁማር ነው አለች፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ ፓኬቱ የሚገዛበትን ነጥብ እዚያ አገር መሸጥ አቆመ። እኛ ጋ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። የእኛ ልጆች ፓኬት የሚገዙበት ካርድ ስለሌላቸው ተርፈዋል እንበል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሮ ፕሌስቴሽን ቤት በነበረበት መንገድ አሁን ስንሄድ የምናየው ቤቲንግ ቤት ነው። የእኛ ያ የቆርቆሮ ቤት ያለበት ቦታ ራሱ ዛሬ ቤቲንግ ነው፤ ባለፈው ወር አልፌ አይቼዋለሁ። አግዳሚም አለ፣ ስክሪንም አለ፣ ኳስም አለ። ግን ማንም ማንንም አያይም። እያንዳንዱ የየራሱን ወረቀት ነው የሚያየው። ተሸናፊም አይነሳም፤ የጠፋውን ለማስመለስ ይቀመጣል። ልጃችሁ ጌም ቤት ዋለ ተብሎ ሲነገራችሁ እባካችሁ የቱ ቤት እንደሆነ አጣርታችሁ ተቆጡ።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ልሂድ።

ሲቪላይዜሽን የሚባል ጌም አለ። አገር ትመራለህ፣ ከተማ ትቆረቁራለህ፣ ከጥንት ጀምረህ እስከ ዛሬ ትደርሳለህ። አምስተኛው ክፍል ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ተጨማሪ ኢትዮጵያ ገባች። መሪዋ አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ የሚናገሩትም በአማርኛ ነው። ወታደሩ መሐል ሰፋሪ ይባላል። የአገሪቱ ልዩ ችሎታ የአድዋ መንፈስ ነው፤ ከአንተ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጋ ሠራዊትህ ሃያ በመቶ ይበረታል። ይሄንን ያሰበ ሰው አድዋን ገብቶታል። ስድስተኛው ላይ ደግሞ በ2020 አፄ ምኒልክ መጡ፣ ከዐለት የሚፈለፈል ቤተ ክርስቲያንም መሥራት ይቻላል። ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለታናሽ ወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ዕድሜያችንን በሙሉ የሌላ ሰው ቡድን፣ የሌላ ሰው ከተማ ስንይዝ ነው የኖርነው። አንድ ቀን የራስህን ስታገኝ ምን እንደሚሰማህ ያልተጫወተ ሰው ላይገባው ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ይሄም ጌም መጨረሻው ላይ ያስቸግራል። አሸንፈህ ስትጨርስ አንድ ዙር ብቻ ልጨምር የሚል ቁልፍ ያቀርብልሃል። እኔ አልነካውም። ይሄ ሕጌ ነው። ካሸነፍኩ ተነሳሁ፣ ከተሸነፍኩም ተነሳሁ።

አገር ውስጥም የሚሠሩ አሉ። ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የሚባል የስልክ ጌም ሠርተዋል፤ አንዲት ዶሮ ልትታረድ ስትል አምልጣ ትሮጣለች። ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተውታል። ለእህቴ ልጅ ኩኩሉን ስከፍትላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዶሮዋ የት ቤት እንደምትገባ ነው። የውጭ ጌም ስትጫወት እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ይሄንን ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች እዚህ ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። የጨረሰ ልጅ መጨረሱን የሚያውቅበት ነገር አስገቡበት።

እዚህ ጋ ንግግሬን አቁሜ ጥያቄ ተቀበልኩ። ወጣቶቹ ብዙ ጠየቁ፤ አብዛኛው የትኛው ስልክ ይሻላል ነበር። መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጡ እናት እጃቸውን አነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «የኔ ልጅ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በቀን ስንት ሰዓት ልፍቀድለት?» አሉኝ።

የሰዓት ቁጥር መናገር አልፈለግኩም። «እትዬ፣ በሰዓት አይለኩት» አልኳቸው። «በግጥሚያ ይለኩት። ሁለት ግጥሚያ ይበሉት። መሃል ላይ አጥፋ ካሉት ያለቅሳል፣ እውነቱን ነው፤ እርስዎም ቡናው ሁለተኛው ላይ እያለ ተነሺ ቢባሉ ደስ አይልዎትም። ሲያልቅ ግን ይነሳ። እና ከተቻለ አንዱን ግጥሚያ ከእርስዎ ጋር ይጫወት።»

«ከኔ ጋር? እኔ መቼ ችዬ!»

«ያሸንፍዎታል። ይሸነፉለትና ይነሱ። እንዴት እንደሚነሱ ይይ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ሰዉ ወንበር ማንሳት ሲጀምር ግን ወደ እኔ መጡ። ለማሳያ ይዤው የመጣሁት አሮጌው ፕሌስቴሽን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጆይስቲኩን አንስተው እንደ ሰሐን በሁለት እጃቸው ያዙትና፣ «የቱ ነው መምቻው?» አሉኝ።

ካሬዋ መምቻ ናት፣ ኤክሷ ማቀበያ አልኳቸው። ሶኬቱን ሰካሁት።